አንድ ሰዓት ኮዲንግ፦ ለብቸና እና ለሞጣ ልጆች ምን ይጠቅማል? ኢንተርኔት ከሌለስ?



እስኪ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ስልካችሁን ክፈቱና አፖቹን ቁጠሩ። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌብር፣ ካልኩሌተር፣ ጌም... ሃያ ሠላሳ መሙላቱ አይቀርም። ከእነዚህ ውስጥ የአንዱን እንኳ ውስጡን የምታውቁ፣ ጣታችሁ "ላክ" የሚለውን ሲነካ ከኋላ ምን እንደሚፈጠር መናገር የምትችሉ ስንት ናችሁ? ብዙዎቻችን አናውቅም። የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ማንም ስላላሳየን ነው።

ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በዚያ መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች ልጆች ስልክ መነካካት ማንም ሳያስተምራቸው ይችሉበታል። ጌም ይጫወታሉ፣ ቪዲዮ ያያሉ፣ ለአያታቸው ካርድ ይሞላሉ። ስልክ መጠቀም አላቃታቸውም። ያልተነገራቸው አንድ ነገር ግን አለ፤ ስልኩንና ኮምፒውተሩን ማዘዝም እንደሚችሉ።

ዛሬ የምናወራው ይህንን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለልጆች ስለማሳየት ነው። ምንድን ነው? ከየት መጣ? ብቸና ወይም ሞጣ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ኔትወርክ ባይኖርም እንኳ፣ እንዴት ይደረጋል? ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ከየት መጣ?

ሐዲ ፓርቶቪ እና ዓሊ ፓርቶቪ የሚባሉ ኢራን ተወልደው አሜሪካ ያደጉ መንታ ወንድማማቾች በ2013 እ.ኤ.አ. "ኮድ ዶት ኦርግ" የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይፋ አደረጉ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ በትምህርት ቤት ቆይታው የኮምፒውተር ሳይንስን የመማር ዕድል ይኑረው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ "የኮድ ሰዓት" የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ኮድ ጽፎ የማያውቅ ልጅ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይሞክረው፤ ከዚያ ከወደደው ይቀጥል ነው ነገሩ። በመጀመሪያው ሳምንት 10 ሚሊዮን ተማሪ ለማግኘት አስበው ነበር፤ ከዚያ በላይ መጣላቸው። አሁን ከ180 በላይ አገሮች ውስጥ ተሞክሯል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ ባራክ ኦባማ ከተማሪዎች ጋር ቁጭ ብለው አንዲት መስመር ኮድ ጻፉ። ትዕዛዟ "100 ነጥብ ወደፊት ሂድ" ከማለት አታልፍም። የአገር መሪ ሆነውም የጀመሩት ከዚችው ነው፤ የአምስተኛ ክፍል ልጅም የሚጀምረው ከዚችው ነው።

ሳምንቱ ደግሞ ዝም ብሎ አልተመረጠም። ኅዳር 30 አካባቢ የሚውለው ግሬስ ሆፐር የተባለች አሜሪካዊት የባሕር ኃይል መኮንንና የሒሳብ ሊቅ የተወለደችበት ቀን ስለሆነ ነው። ሰው የጻፈውን ትዕዛዝ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም መጀመሪያ ከሠሩት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ስሟን ያዙት፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ኮድ ማለት ግን ምንድን ነው?

ኮድ ለማሽን የሚጻፍ ትዕዛዝ ነው። በቃ። ኮምፒውተር ፈጣን ነው እንጂ ብልህ አይደለም፤ ያልነገሩትን አይገምትም፣ "ማለት የፈለጉት ይህን ይሆናል" ብሎ አያስተካክልም።

ቡና ማፍላትን እንውሰድ። እናታችሁ "ቡና አፍሉ" ካለቻችሁ ይበቃል፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተር ግን አያውቅም። አንድ በአንድ ልትነግሩት ነው፦ ቡናውን እጠብ፣ ምጣዱን ጣድ፣ ቁላ፣ ውቀጥ፣ ጀበናው ውስጥ ውሃ አድርግ፣ ውሃው ሲፈላ ቡናውን ጨምር፣ አውርድ፣ እስኪሰክን ጠብቅ፣ ቅዳ። ይህን ከተረዳችሁ የኮዲንግን ዋና ዋና ነገሮች ይዛችኋል ማለት ነው፦

👉 ቅደም ተከተል፦ የትኛው ከየትኛው በፊት ይመጣል የሚለው ነው። መቁላት ከመውቀጥ ይቀድማል።

👉 ድግግሞሽ፣ ሉፕ የሚሉት፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ውሃ መጨመር፣ ማፍላትና መቅዳትን ሦስት ጊዜ መጻፍ አያስፈልግም። "ይህንን 3 ጊዜ ድገም" ብሎ አንዴ መጻፍ ይበቃል።

👉 ቅድመ ሁኔታ፦ "እንግዳ ከመጣ ስኒ ጨምር፤ ካልመጣ ባለው ቅዳ።" ስልካችሁ ላይ ገንዘብ ስትልኩም ከኋላ "ሒሳቡ ይበቃል ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ እንዲህ ያለ መስመር አለ።

👉 ስህተት፣ ቡግ የሚባለው፦ "ውቀጥ" የሚለው ትዕዛዝ በስህተት ከ"ቁላ" በፊት ከተጻፈ፣ ኮምፒውተሩ "ኧረ ተሳስተሃል" አይልም። ጥሬውን ይወቅጥላችኋል። ስህተቱን ፈልጎ ማስተካከል የእናንተ ሥራ ነው።

"ቡግ" በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረ "ማርክ ቱ" የሚባል ግዙፍ ኮምፒውተር አልሠራ ሲል ባለሙያዎቹ ከፍተው ቢያዩት የእሳት ራት ገብታበት አገኙ። ራቷን አውጥተው በፕላስተር መዝገብ ላይ ለጠፏት። ቃሉ ከዚያ በፊትም በመሐንዲሶች ዘንድ ይነገር ነበር፤ ታሪኩን ግን በየሄደችበት እየተናገረች ያስታወቀችው ያቺው ግሬስ ሆፐር ናት።

"ልጆች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ኮዲንግ ምን ቅብጠት ነው?"

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። በክልላችን ባለው ግጭት የተነሳ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ምሥራቅ ጎጃም ይህን በደንብ ያውቀዋል። ደብተር፣ ወንበርና አስተማሪ ለጎደለው ክፍል መጀመሪያ መሟላት ያለበት ደብተሩ፣ ወንበሩና አስተማሪው ነው። ኮዲንግ እነዚህን አይተካም፤ ይተካል የሚላችሁ ካለ አትመኑት።

ግን ሌላም ነገር አለ። ዓመታት ያለፉት ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ መጀመሪያ የሚያጣው ነገር "እችላለሁ" የሚለውን ስሜት ነው። ከታች ከመጡት ልጆች ጋር ይቀመጣል፣ የረሳውን ይጠየቃል፣ ዝም ይላል። ኮዲንግ ላይ ደግሞ ሁሉም ልጅ እኩል አዲስ ነው። ያለፈውም ያላለፈውም ከ"10 እርምጃ ሂድ" ይጀምራል፤ የሞከረው ነገር ትክክል መሆን አለመሆኑን ደግሞ ማንም ሳያሳፍረው ስክሪኑ ላይ ወዲያው ያየዋል። ተሳሳተ? ያርመዋል። የሚቀንስ ማርክ የለም፣ የሚስቅበትም የለም። የአንዷ ሰዓት ዋና ጥቅም እዚህ ጋ ነው።

ከፕላዝማ ትዝታችን

ታላላቆቻችሁን ስለ "ፕላዝማ" ጠይቋቸው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቅለው፣ ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የተዘጋጀውም ደቡብ አፍሪካ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው አስተማሪ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያገኛል። በመሃል ስክሪኑ ይናገራል፣ ተማሪው ይሰማል። አልገባኝም ቢል ስክሪኑ አይሰማውም። መብራት ከሄደ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ሄደ።

በፕላዝማ ጥሩ የተማረ የለም አንልም፤ ጥሩ አስተማሪ በሌለበት የጠቀማቸው አሉ። ነገር ግን አንድ ነገር አስተምሮን አልፏል። ስክሪን ክፍል ውስጥ ስለገባ ብቻ ልጅ አይማርም። ወሳኙ ጥያቄ ማን ማንን ያዛል የሚለው ነው። በፕላዝማው ጊዜ ስክሪኑ ተናጋሪ፣ ልጁ ሰሚ ነበር። በኮዲንግ ሰዓት ግን ወንበሩ ይገለበጣል፤ ልጁ ይናገራል፣ ስክሪኑ ይታዘዛል። ስለዚህ ፕሮጀክተር ተክሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ኮዲንግ ማብራሪያ መስጠት የኮድ ሰዓት አይባልም። እሱ ሁለተኛው ፕላዝማ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተሞከረ አስገራሚ ነገር

በ2012 እ.ኤ.አ. "ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ" የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች፣ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ለልጆች ታብሌት አደለ። በየመንደሩ 20 ገደማ ልጆች ነበሩ። ታብሌቱ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ይደረጋል፣ ኢንተርኔት የለም፤ ልጆቹ ምን እንደሠሩ የሚታወቀው በየሳምንቱ ሰው እየሄደ ሜሞሪ ካርዱን እየቀየረ በሚያመጣው መረጃ ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በሰጠው ገለጻ፣ ሳጥኖቹ እንደታሸጉ ያለ ምንም መመሪያ ተሰጥተው ሳለ አንድ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍቶ ማብሪያውን እንዳገኘ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር እንደሚዘምሩ፣ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው እንዳስከፈቱት ተናግሯል።

ይህን ስትሰሙ ጠርጠር ማለትም ጥሩ ነው። ታሪኩን የተናገረው የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው፤ ልጆቹም 40 ገደማ ብቻ ናቸው። "እንግዲያው አስተማሪ አያስፈልግም" የሚል ድምዳሜ የሚወጣበትም አይደለም። አንድ ነገር ግን ያሳያል፦ የገጠር ልጅ ቴክኖሎጂ አይገባውም የሚለው አባባል መሠረት የለውም።

ነገሩ ለአካባቢው እንግዳ ነው?

ብዙም አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ብቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፣ መንገዱ ላይ ደብረ ወርቅ አለ። በቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እንደሚነግራችሁ፣ ንባቡም ዜማውም በቃል የሚያዝ ነው። ቅኔ ቤት ሲደረስ ግን ነገሩ ይቀየራል። ተማሪው የሌላውን መድገም ሳይሆን የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መምጣት አለበት። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ የቤቱ ቁጥርና ልኩ የታወቀ ነው፤ ቢሳሳት መምህሩ ያርሙታል፣ ተማሪውም አስተካክሎ ይመለሳል። ጀማሪው ስምንት ቤት ባለው መወድስ አይጀምርም። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል።

ኮዲንግም እንደዚያው ነው። ጥብቅ ሕግ አለ፣ በሕጉ ውስጥ የራስህን አዲስ ነገር ትሠራለህ፣ ትታረማለህ፣ ትመለሳለህ። የአንዷ ሰዓት ፕሮግራም የኮዲንግ ጉባኤ ቃና ናት ብላችሁ ያዙት። ትንሽ ናት፤ ግን የራስህ ናት።

እሺ፣ እንዴት ይደረጋል?

አንድ ክፍል ውስጥ 50 ልጆች፣ አምስት የሚሠሩ ኮምፒውተሮች፣ ኢንተርኔት የለም እንበል። ይቻላል። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ኮምፒውተር ላይ፣ ግማሹ ያለ ኮምፒውተር ይሠራል፤ 25 ደቂቃ ላይ ይቀያየራሉ። የቀረችው 10 ደቂቃ ለመክፈቻና ለመዝጊያ ናት።

ያለ ኮምፒውተር ኮዲንግ እንዴት ይሆናል አትበሉ። ኒውዚላንድ ውስጥ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራን ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኮምፒውተር ሳይንስን በወረቀት፣ በገመድና በጨዋታ የሚያስተምር ዘዴ አዘጋጅተዋል፤ ዓለም ላይ ብዙ ቦታ ይሠራበታል። ሁለት ጨዋታ እንስጣችሁ።

1ኛ. ሰው ሮቦት። አንድ ልጅ በር ላይ ይቆማል፤ እሱ ሮቦት ነው። ሌሎቹ ሰሌዳው ጋ ደርሶ ጠመኔ እንዲያነሳ የሚያደርገውን ትዕዛዝ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፦ "4 እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ 3 እርምጃ ወደፊት፣ እጅህን ዘርጋ..." ሮቦቱ የተጻፈለትን ብቻ ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ ግድግዳ ይገጫል፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ያኔ አስተማሪው "ስህተቱ የሮቦቱ ነው ወይስ የጽሑፉ?" ብሎ ይጠይቅ። "ቲቸር፣ የኛ ነው!" ካሉ ቡግ ምን እንደሆነ ገባቸው ማለት ነው።

2ኛ. ፊደልና ቁጥር። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። የኛ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚስማሙበት "ዩኒኮድ" በሚባለው የቁጥር መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ላይ ሀ 4608 ናት፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል። የእያንዳንዱ ፊደል ቤት ስምንት ቦታ ስለተሰጠው ለ 4616 ላይ ትጀምራለች። በዚህ ስሌት "ሞጣ" ለኮምፒውተር 4638 እና 4899 ናት። "ብቸና" ደግሞ 4709፣ 4728 እና 4755። ሰንጠረዡን ካርቶን ላይ ጽፋችሁ ስቀሉና ልጆቹ ስማቸውን በቁጥር ይጻፉ፤ ተቀያይረውም አንዱ የሌላውን ይፍታ። በቴሌግራም "ሰላም" ብላችሁ ስትልኩ የሚሄደው ይኸው ነው፤ ቁጥር ሄዶ ወዲያ ማዶ ፊደል ይሆናል።

ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ስክራች የሚባለውን ተጠቀሙ። አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ለልጆች ያወጣው ነው፤ ነፃ ነው። ትዕዛዞቹ አይተየቡም፤ እንደ ልጆች መገጣጠሚያ ጡብ እየተሳቡ ይገጣጠማሉ። ልጁ አንዷን ድመት "ሂድ፣ ዙር፣ ድምፅ አሰማ" እያለ ያዛታል። ሁለት ትልቅ ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል፤ አንዳንድ ቃል እንግሊዝኛ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። ሁለተኛ፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ኔትወርክ ያገኘ ሰው አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይችላል። ዘፈንና ፊልም በፍላሽ ስናዞር ኖረን የለ? ይኸም እንደዚያው ነው።

ኮምፒውተር ጨርሶ ከሌለስ? ስክራች ትንሽ ስልክ ላይ ፕሮጀክት ለመሥራት አይመችም። ለአንድሮይድ ስልክ ተብሎ የተሠራ "ፖኬት ኮድ" የሚባል አፕ አለ፤ ኦስትሪያ አገር ግራዝ የሚገኝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው ነው፤ አሠራሩ ከስክራች ጋር ይመሳሰላል፤ እሱም ነፃ ነው። አራት ልጅ በአንድ ስልክ መሥራት ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አስታውሱ፦

👉 የርእሰ መምህሩና የወላጆች ፈቃድ ይቅደም። በአካባቢው የዕለቱን ሁኔታ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያለ እነሱ ፈቃድ ልጅ አትሰብስቡ፣ የልጆችን ፎቶም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።

👉 ኮምፒውተሮቹን ከአንድ ቀን በፊት አብርታችሁ ሞክሩ። አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር መጠገን ልጆች ፊት የሚጀመር ሥራ አይደለም።

👉 ላፕቶፕ ካለ ባትሪው ይሞላ። መብራት ከሄደ ሁሉም ወደ ሰው ሮቦት ይዙር፤ ትምህርቱ አይቋረጥም።

👉 ማውዙን ከልጁ እጅ አትንጠቁ። ይህች ዋናዋ ናት። ልጁ ሲሳሳት ታግሳችሁ "እስኪ ምን ብለህ ነበር ያዘዝከው?" በሉት። እናንተ ከሠራችሁለት ሰዓቷ የእናንተ ሆነች።

👉 ማውዝ በየአምስት ደቂቃው ይዙር። ካልሆነ ደፋሩ ልጅ ይዞት ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ቆማ የምታየው ደግሞ ሴቷ ልጅ ናት።

በሴቶች ልጆች ጉዳይ አንድ የአገር ልጅ እንጥቀስ። ቤተልሔም ደሴ ሐረር ነው ያደገችው። በዘጠኝ ዓመቷ ልደቷን ማክበር ፈልጋ ገንዘብ ስታጣ፣ አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ለደንበኞች ስልክ ላይ ዘፈን መጫንና ቪዲዮ ማስተካከል ጀመረች። ከዚያ ኮዲንግን ተማረች። በኋላ አይኮግ ላብስ ከተባለው የአዲስ አበባ ኩባንያ ጋር ሆና "ማንም ሰው ኮድ ማድረግ ይችላል" የሚል ትርጉም ባለው ፕሮግራም ልጆችን ማስተማር ላይ ተሰማራች። መነሻዋ ሙዚቃ መጫኛ ሱቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሱቅ ብቸናም ሞጣም አለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላስ?

እውነቱን እንነጋገር። አንድ ሰዓት ማንንም ፕሮግራመር አያደርግም። ባነር ተሰቅሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ለስላሳ ተጠጥቶ የሚያልቅ ከሆነ ባይደረግም ይሻላል። ቀምሶ የሚቀርበት ልጅ ጨርሶ ካልቀመሰው ይልቅ ይከፋዋል።

በአገር ደረጃ የተጀመረ ነገር አለ። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር "የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች" ፕሮግራምን ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። ዕቅዱ እስከ 2026 እ.ኤ.አ. ድረስ 5 ሚሊዮን ሰዎችን ማሠልጠን ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ የመሳሰሉ መሠረታዊ ኮርሶች አሉት፤ በነፃ ነው፤ ለጨረሰ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ኔትወርክና መሣሪያ ያላችሁ ተጠቀሙበት። ነገር ግን ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው። ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ያለ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጋ በዚያ መንገድ አይደርስም። እሱ ጋ የሚደርሰው ሰው ነው።

ስለዚህ ከሰዓቷ በፊት ቀጣዩን አስቡ። እንደ ሚኒ ሚዲያው ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኝ የኮዲንግ ክበብ ይኑር። ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ የአይሲቲ አስተማሪ ይገኝ፤ ሶፍትዌሩ እሱ እጅ ላይ ይቅር። ለክረምት ወደ ቤት የምትመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት ሦስት ሳምንት ማገዝ ትችላላችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለታዳጊዎች የሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከል አለው፤ ጎበዝ ልጅ ስታዩ ስለሱ ንገሩት። ውጭ አገር ያላችሁ የአካባቢው ተወላጆች ደግሞ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትልኩ ቻርጀሩ መኖሩንና ባትሪው መያዙን አረጋግጡ። አሥር የሞተ ላፕቶፕ ከመላክ ሁለት የሚሠራ መላክ ይበልጣል።

የሞጣ ልጆች ሰባራ ድልድይን ታውቁታላችሁ። በአባይ ላይ የተሠራ የጥንት የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በጣልያን ወረራ ዘመን መሃሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሰው ለረጅም ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ፤ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ገመዱን የሚይዙ ሰዎች ነበሩ። ገመድ ድልድይ አይደለም፤ ማንም ግን ድልድዩ እስኪሠራ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም።

የኮዲንግ ሰዓት ያቺ ገመድ ናት። ኔትወርኩ፣ ኮምፒውተሩና የተሟላው ትምህርት ቤት ድልድዩ ናቸው፤ መሠራት አለባቸው፤ መጠየቅም አለብን። እስከዚያው ግን ገመዱን ወዲህ ማዶ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ይህን በስልካችሁ እያነበባችሁ ያላችሁት ከዚያ ማዶ ካለው ልጅ ይልቅ ትንሽ ቀደም ያላችሁ ናችሁ። አንድ ፍላሽ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እና ማውዝ ላለመንጠቅ ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃል።

አስተማሪ ለሆነ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።